ገላጋይ በወረርሽኝ ዘመን፤ በቺካጎ ከተማ ደም መፋሰስን ለመከልከል ስለሚሠሩ ሰዎች

በአማርኛ በሰዎች መካከል የተነሣውን ጠብ ለማብረድ የሚገባ ሰው እንደ አገባቡ በተለያየ ስም ይጠራል። ዳኛው ጠቡ ካለፈ በኋላ በሕግ ይፈርዳል፤ ሽማግሌው ወይም አስታራቂው ጠበኞቹን አስቀምጦ፥ ነገራቸውን ሰምቶ፥ ካሣ አስክሶ ያስታርቃል፤ ገላጋዩ ግን ዱላው እንደ ተነሣ በመካከል የሚገባ ነው። ከገላጋይ ዕድሜ አይጠየቅም፤ ትውልድና ማዕርግም አይጠየቅም። የሚጠየቀው በቦታው መገኘቱና ክንዱን መዘርጋቱ ብቻ ነው። እውነቱ በማን በኩል እንዳለ መመርመርም የእርሱ ሥራ አይደለም። ምጥ ያለፈላት ሴት «ተገላገለች» መባልዋ፥ የቃሉ መሠረት ከፍርድ ይልቅ ከጭንቅ ማውጣትን የሚያመለክት መሆኑን ያሳያል።

በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ይህንኑ የገላጋይነት ሥራ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝኛ የወጣላቸው ስም ቃል በቃል ቢተረጐም «ጠብ አቋራጭ» የሚል ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ገላጋይ ከማለት የተሻለ ቃል አይገኝላቸውም። ከዚህ በታች የሚነገረው የእነዚህ ሰዎች ሥራ እንዴት ያለ እንደ ሆነ፥ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ፥ ሰው ከሰው እንዳይቀርብ በሕግ ሲታዘዝ፥ መቅረብን ብቻ መሣሪያው ያደረገ ሥራ ምን እንደ ደረሰበት ነው። ምሳሌው በአብዛኛው የሥራው መነሻ ከሆነችው ከቺካጎ ከተማ ይወሰዳል፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቺካጎ በኢሊኖይ ግዛት በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የምትገኝ ከተማ ስትሆን ነዋሪዋ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንሥቶ እስከ 1970 ድረስ ከደቡብ ግዛቶች የፈለሱ ብዙ መቶ ሺሕ ጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያቸውን በከተማይቱ ደቡብና ምዕራብ አደረጉ፤ በምርጫቸው ብቻ ግን አልነበረም። የቤት ባለቤቶች ለጥቁር ሰው ላለመሸጥ በውል ይተሳሰሩ ነበር፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ኀይል እንዳይፈጸም የከለከለው በ1948 ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የቤት ብድር ድርጅት ባሠራቸው ካርታዎች ላይ የጥቁሮች ሰፈሮች በቀይ ቀለም ተቀልመው፥ ብድር ቢሰጥባቸው አስጊ ናቸው ተብለው ተመደቡ። ኋላም ፋብሪካዎቹና የብረት ማቅለጫዎቹ በየተራ ሲዘጉ ሰፈሮቹ ብድርም ሥራም የሌለባቸው ሆነው ቀሩ።

በእነዚህ ሰፈሮች «ጋንግ» የሚባሉት የወጣቶች ቡድኖች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖሩ ናቸው። ቀድሞ ቡድኖቹ ትልልቅ ነበሩ፤ አለቃና ምክትል፥ ደንብና መዋጮ ነበራቸው። በ1990ዎቹ አለቆቻቸው ረጅም የእስራት ፍርድ ተቀበሉ። ከ2000 ጀምሮም ከተማይቱ ታላላቆቹን የሕዝብ መኖሪያ ፎቆች ስላፈረሰች በውስጣቸው የነበሩት ቤተ ሰቦች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ የአንድ መንገድ ወይም የአንድ ማዕዘን ልጆች ስብስብ ሆነ፤ ስሙንም ብዙ ጊዜ ከተገደለ ጓደኛ ይወስዳል። ይህ ለውጥ ለጉዳዩ ዋና ነገር ነው። ዕርቅ የሚጸናው ወገኑን በቃሉ ማሰር የሚችል ሰው ሲኖር ነው፤ አባት ለልጁ፥ የጎሣ አለቃ ለጎሣው ዋስ ይሆናል። ዋስ የሚሆን አለቃ በሌለበት ስፍራ ግን ሽማግሌ የሚያስቀምጠው ሰው አያገኝም። የሚቀረው ገላጋይ ነው።

የዚህ ሥራ መሥራች ጋሪ ስሉትኪን የሚባሉ ሐኪም ናቸው። በ1980ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ የሳንባ ነቀርሳን ሲከላከሉ፥ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡት ስደተኞች መድኃኒታቸውን እስከ መጨረሻው እንዲወስዱ ለማድረግ ከራሳቸው ከስደተኞቹ ወገን የሆኑ ሠራተኞችን መቅጠር እንደሚሻል ተረዱ። ቀጥሎ ወደ ሶማሊያ ሔደው በስደተኞች ሰፈሮች የሳንባ ነቀርሳንና ኮሌራን ሲዋጉ ቆዩ። በእነዚያ ሰፈሮች የነበሩት ስደተኞች በብዛት ከ1977–78ቱ የኦጋዴን ጦርነት ወዲህ ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ በቺካጎ ማዕዘኖች የሚሠራበት ዘዴ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ ከኢትዮጵያ በወጡ ስደተኞች መካከል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከዚያም በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ሆነው በኡጋንዳና በሌሎችም አገሮች በኤድስ መከላከል ላይ ሠሩ። በ1995 ወደ ቺካጎ ሲመለሱ የወጣቶችን መገዳደል በካርታ ላይ አይተው፥ የሚሰበሰብበትና የሚዛመትበት መልክ እንደ ተላላፊ በሽታ ነው አሉ። በ2000 ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በተባለው ሰፈር ሥራው ተጀመረ፤ ገላጋዮቹ ራሳቸውን ችለው የተቀጠሩት ግን በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በባልቲሞር፥ በኒው ዮርክና በሌሎች ብዙ ከተሞች ተወስዷል፤ በቺካጎም ውስጥ በተለያየ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ማኅበሮች እየተቀባበሉ ይሠሩበታል።

ጠብ እንደ በሽታ ይተላለፋል ማለት ለአነጋገር ማሳመሪያ ብቻ የተባለ አይደለም። አንድሩ ፓፓክሪስቶስ የተባሉት የኅብረተ ሰብ ጥናት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከ2006 እስከ 2012 በቺካጎ በጥይት ቈስለው ከተረፉት ሰዎች መካከል 70 ከመቶው፥ ከከተማይቱ ሕዝብ 6 ከመቶ በማይሞላ፥ አብረው በመታሰር በሚታወቁ ሰዎች መረብ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይተዋል። በ2017 በታተመ ሌላ ጥናትም ከ2006 እስከ 2014 ከተመዘገቡት 11,123 የተኩስ አደጋዎች 63 ከመቶው ከሰው ወደ ሰው በመተላለፍ ሊገለጹ እንደሚችሉ፥ ከአንዱ መመታት እስከ ወዳጁ መመታት ድረስም በአማካይ 125 ቀን እንደሚያልፍ ተነግሯል። እነዚህ ቍጥሮች ለገላጋዩ ትርጕም አላቸው፤ የሚፈለገው ሰው የሰፈሩ ሕዝብ ሁሉ አይደለም፥ በስም የሚታወቁ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ለመሥራትም ጊዜ አለ።

ይሁን እንጂ ምሳሌው ከልክ ካለፈ ያስታል። ተሕዋሲ ቂም የለውም፥ ክብሩም አይነካም። ኤላይጃ አንደርሰን በ1999 ባወጡት «የመንገድ ሕግ» በሚባለው የፊላደልፊያ ጥናታቸው እንዳስረዱት፥ ፖሊስና ፍርድ ቤት ደርሰው ያድኑኛል ብሎ ተስፋ የማያደርግ ወጣት ደኅንነቱን የሚያገኘው ተደፋሪ አለመሆኑን በማሳየት ነው፤ ስድብን ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ነገ ይዘረፋል። ስለዚህ ተኳሹ በራሱ ዘንድ ምክንያት ያለው ሰው ነው። በሽታ ነው የሚለው አነጋገር ለመንግሥት ሹማምንትና ለገንዘብ ሰጪዎች ጆሮ ይስማማል፤ ካርታውን በቀይ የቀለመውን እጅ ግን ከዓይን ይሰውራል። ገላጋዮቹ ራሳቸው በመንገድ ላይ ሲናገሩ ስለ በሽታ አይናገሩም፤ ስለ እናት፥ ስለ ልጅ፥ ስለ እስር ቤት ይናገራሉ።

የሚቀጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ቀድሞ የእነዚሁ ቡድኖች አባል የነበሩ፥ ረጅም ዓመታት የታሰሩ፥ በጥይት የተመቱ ወይም ወንድም የሞተባቸው ናቸው። «ቃላቸው የሚታመን መልእክተኞች» ይባላሉ። በሌላ ሥራ የሚያስነቅፈው ታሪክ በዚህ ሥራ የሚያስመርጥ ይሆናል። በኢትዮጵያ ደም ለማድረቅ የሚላክ ሰው ከነውር የራቀ፥ በሁለቱም ወገን የተከበረ ይሆን ዘንድ ይመረጣል፤ በቺካጎ የሚላከው ግን ያንኑ ነውር ያለፈበት ነው። ሥልጣኑ ከጠባሳው ይመጣል። አንድ ሌላ ሕግም አለ፤ የሰማውን ለፖሊስ አይናገርም። ይህ ሕግ ከፖሊስ ጋር ብዙ ጊዜ አጋጭቶታል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጣስ ሥራው በዚያ ሰፈር አበቃለት።

የሥራው ስፍራ አራት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ማዕዘኑ ነው። ገላጋዩ በማታና በሌሊት ከልጆቹ ጋር ይቆማል፥ ይቀልዳል፥ ወሬ ይሰማል፤ ጠብ ሲሸተው ሊተኩስ ያሰበውን ሰው ፈልጎ ያገኛል። የሚያደርገውም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ከቦታው ያርቀዋል፥ ምግብ ይጋብዘዋል፥ በመኪና ያዞረዋል፥ አያቱን ወይም የልጁን እናት ይጠራለታል፤ በአጭሩ ጊዜ ይገዛለታል። መሣሪያህን አስረክብ አይለውም፥ ፍረድልኝ ቢለውም አይፈርድለትም። ሁለተኛው ስፍራ ሐኪም ቤት ነው። ቈስሎ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት ሊለወጥም ይችላል፥ ሊበቀልም ይችላል፤ ጓደኞቹም በመጠባበቂያው ክፍል ተሰብስበው የሚመክሩት ይታወቃል። ከቍስለኛው አልጋ አጠገብ የመቀመጥ ሥራ በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ በ1994 የተጀመረ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። ሦስተኛው ለቅሶና ቀብር ነው። አራተኛው የተጠርጣሪው ቤት፥ የእናቱ ወጥ ቤት ነው።

ለቅሶው ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በእነዚህ ሰፈሮች ወጣት ሲገደል በወደቀበት ቦታ ሻማ ይበራል፥ የአሻንጉሊት ድብና የመጠጥ ጠርሙስ ይደረደራል፤ ስሙና ፎቶግራፉ የታተመበት ካናቴራ ይለበሳል፤ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ወይም በቀብር አስፈጻሚው ቤት አስከሬኑ ተከፍቶ ይታያል፤ ከቀብር መልስም ማዕድ ይበላል። ይህ ሁሉ ሐዘንተኛውን በሰው መካከል ያቈየዋል፤ ነገር ግን የሟች ወዳጆች ሁሉ በታወቀ ሰዓት በአንድ ቦታ ስለሚገኙ፥ ጠላትም ይህን ስለሚያውቅ፥ ለበቀልና ለተኩስ የሚመች ሰዓትም ነው። ገላጋዮች በደጃፍ ቆመው መኪና ይመለከታሉ፥ በሐዘን የሰከረውን ይይዛሉ፥ «ለእገሌ ደም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ተናጋሪውን ወደ ጎን ይጠሩታል።

ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም የጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ጠራው። በቺካጎ ትምህርት ቤቶች በዚያው ሳምንት ማለቂያና በሚቀጥለው መጀመሪያ ተዘጉ፤ ከማርች 21 ማታ ጀምሮ በኢሊኖይ ከቤት አትውጡ የሚለው ትእዛዝ ጸና፥ ከ10 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ጥቂት ቀን ቈይቶ የሐይቁ ዳርቻ መናፈሻም ተዘጋ። በሽታው በከተማይቱ ሁሉ እኩል አልወደቀም። በኤፕሪል መጀመሪያ የከተማይቱ ከንቲባ እንዳስታወቁት፥ ከሕዝቡ 30 ከመቶ የሚሆኑት ጥቁሮች በኮሮና ከሞቱት 72 ከመቶ ሆነው ተገኙ። የበሽታው ካርታና የጥይቱ ካርታ አንዱ በሌላው ላይ ቢነጠፍ ብዙ አይለያዩም ነበር፤ ከሁለቱም በታች የ1930ዎቹ ካርታ ይታያል።

ገላጋዩ የቆመባቸው አራቱ ስፍራዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተናወጡ። ሐኪም ቤቱ ጠያቂ እንዳይገባ ከለከለ፤ ከቍስለኛው አልጋ አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ሠራተኛም እንደ ጠያቂ ተቈጥሮ በብዙ ቦታ ከደጅ ቀረ። በስልክ መነጋገር ተጀመረ፤ ነገር ግን ከማያውቀው ሰው በስልክ የሚመጣ ምክር፥ ያውም ቍስሉ ገና ሳይደርቅ፥ የሚያዳምጥ ወጣት ጥቂት ነው። ቀብሩም በ10 ሰው ተወሰነ። እናት፥ አባት፥ እኅትና ወንድም፥ ካህኑም ሲቈጠሩ ለጓደኛ ቦታ አይተርፍም፤ ጓደኞቹ ግን በዚህ ኑሮ ከወንድም የማይተናነሱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅና የቀብሩ ማዕድ ሲቀሩ ሐዘኑ ወደ ሁለት ቦታ ሔደ፤ አንደኛው ያው ሻማው የበራበት ማዕዘን ነው፥ ሁለተኛው ኢንስታግራምና ፌስቡክ ነው። በዚያ ሟች ይለቀስለታል፥ በዚያው ሟች ይሰደባል። በሙዚቃና በምስል የሟችን ስም ማዋረድ ከወረርሽኙ በፊትም ለብዙ ተኩስ ምክንያት ሆኖ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን በሚያይበት ወራት ግን የስድቡ ሰሚ በዛ፥ ስድቡን ሰምቶ የሚያበርደው ሰው ደግሞ ከአጠገብ ራቀ።

ማዕዘኑ ብቻ አልተዘጋም። ከቤት አትውጡ የሚለው ትእዛዝ ቤት ላለው የወጣ ነው። ስምንት ሰው በሦስት ክፍል የሚያድርበት ቤት፥ ሥራው የቀረበት ወጣት፥ እንጀራ አባቱን የማይወድ ልጅ፥ እነዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ነበሩ። በሥራ ወይም በትምህርት ምክንያት ከሰፈር ይወጡ የነበሩትም ወደ ማዕዘኑ ተጨመሩ። በዚህ ላይ በአገሪቱ የጦር መሣሪያ ግዢ በታሪኳ ያልታየ ሆነ፤ በ2020 ከጦር መሣሪያ ጋር በተያያዘ የተደረገው የፌዴራል የታሪክ ምርመራ ወደ 40 ሚሊዮን ደረሰ። ጭምብሉ ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ። ፊቱን የሸፈነ ሰው በእነዚያ ሰፈሮች የሚፈራ ሰው ነው፤ አሁን ግን ሁሉም ፊቱን ሸፈነ። የሚመጣው ማን እንደ ሆነ በሩቅ ለይቶ ማወቅ የገላጋዩም የልጆቹም የደኅንነት መሠረት ነበርና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ማኅበሮቹ ሠራተኞቻቸው አስፈላጊ ሠራተኞች ተብለው እንዲወጡ አደረጉ። ብዙዎቹ ገላጋዮች አርባና ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፥ በእስር ቤት ኑሮ የተጐዱ፥ ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው በመሆናቸው መውጣታቸው ያለ አደጋ አልነበረም። ይዘው የወጡትም ጭምብል፥ የእጅ ማጽጃና የምግብ ሣጥን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ይህ ከዋናው ሥራ መራቅ ይመስላል፤ ጠብ የሚገላግል ሰው ድንችና ሩዝ አከፋፋይ ሆነ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንዲህ አይደለም። የምግቡ ሣጥን የተዘጋውን ደጅ የሚያስከፍት ምክንያት ነበር። እናትየው ደጅ ስትወጣ ልጅዋ በቤት እንዳለ፥ ትናንት ማታ ማን እንደ ጠራው፥ በጐረቤት ማን እንደ ታመመ ይነገራል። ስጦታ ሰጪና ተቀባይን እንደሚያስተሳስር በብዙ አገሮች ጥናት የታወቀ ነው። ሣጥኑን የተቀበለ ቤት ገላጋዩ ሌላ ቀን ስለ ልጁ ሊጠይቅ ሲመጣ «አንተ ምን ቤት ነህ» ሊለው አይችልም።

ስለ በሽታውም መናገር የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ጥቁር ሰው በኮሮና አይያዝም የሚል ወሬ በመጀመሪያው ሳምንታት ተሰራጭቶ ነበር። የመንግሥት ማስታወቂያ ይህን ወሬ ለማጥፋት አቅም አልነበረውም፤ ከዚያው ማዕዘን የተነሣ ሰው ግን ጭምብሉን ራሱ አድርጎ ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እዚህ ላይ የስሉትኪን ዘዴ ክብ ሠርቶ ወደ ተነሣበት ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ከኮሌራና ከነቀርሳ ተወስዶ ለጥይት የዋለው፥ ከጥይት ተመልሶ ለበሽታ ዋለ።

በኒው ዮርክ ከተማ ግን ይኸው አገልግሎት አስጊ ወደ ሆነ ጠርዝ ደርሶ ነበር። በ2020 ጸደይ የከተማው መስተዳድር፥ ፖሊሶች ርቀት አልጠበቃችሁም ብለው ጥቁር ወጣቶችን በግድ ሲይዙ በመታየታቸው ስለ ተነቀፈ፥ የሰፈር ገላጋዮች ጭምብል እያደሉ ሰዎቹ እንዲራራቁ ይምከሩ አለ። ሐሳቡ ከዱላ ይሻላል። ነገር ግን ገላጋይ ትእዛዝ አስፈጻሚ ሆኖ ከታየ ገላጋይነቱ ይቀርበታል፤ በአንድ በኩል የመንግሥት እጅ፥ በሌላ በኩል የሰፈር ልጅ መሆን አይቻለውምና። ጭምብል መስጠትና ጭምብል አድርግ ብሎ ማዘዝ ለውጭ ተመልካች አንድ ይመስላሉ፤ በማዕዘኑ ላይ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ነው።

ሜይ 25 ቀን ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ እጅ ተገደለ፤ በሳምንቱም መጨረሻ ቺካጎ በተቃውሞና በዘረፋ ታወከች። እሑድ ሜይ 31 ቀን በ24 ሰዓት ውስጥ 18 ሰዎች ተገደሉ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ቈጠሩት በ60 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አልታየም ነበር። በዚያ ዓመት በከተማይቱ የተገደሉት ሰዎች ቍጥር ካለፈው ዓመት 500 ያህል ወደ 770 ያህል ከፍ አለ። በአገሪቱም በጠቅላላው ግድያ በ30 ከመቶ ያህል ጨመረ፤ የአገር አቀፍ መዝገብ ከተጀመረ ወዲህ በአንድ ዓመት ይህን ያህል የጨመረበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ ገላጋዮቹ ምን ጠቀሙ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ከወረርሽኙ በፊትም የነበረ ነው። ዌስሊ ስኮጋንና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባቀረቡት ምርመራ ሥራው ከተሠራባቸው የቺካጎ ሰፈሮች በአንዳንዶቹ ተኩስ ከአምሳያ ሰፈሮች ይልቅ መቀነሱን፥ በሌሎቹ ግን ልዩነት አለመታየቱን አስረድተዋል። በፒትስበርግ ከተማ ከዚሁ ሥራ የተቀዳ ሌላ ሥራ በግድያ ላይ መቀነስን እንዳላመጣ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በሌላ በኩል የኢሊኖይ ግዛት በ2015 ገንዘቡን ካቋረጠ በኋላ በ2016 የተገደሉት ከ750 በላይ መሆናቸው ለሥራው ደጋፊዎች መከራከሪያ ሆኗል፤ ሌላ ምክንያትም ስለ ነበረ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ያልተተኮሰ ጥይት አይቈጠርም፤ የገላጋይ ሥራ በባሕርዩ ለቈጣሪ የማይመች ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በ2017 በቺካጎ የተጀመረው «ሬዲ» የተባለው ሥራ ነው። በጥይት የመመታት ወይም የመተኰስ አደጋቸው እጅግ ከፍ ያለ 2,456 ወንዶች ተመርጠው፥ ከእነርሱ ገሚሶቹ በዕጣ ለ18 ወር ሥራና የሐሳብ አመራር ትምህርት እንዲሰጣቸው ተደረገ። የጥናቱ ጊዜ የወረርሽኙንም ወራት ያካትታል። በጠቅላላው ሲለካ ውጤቱ እርግጠኛ አልሆነም። ነገር ግን ሰዎቹ የተመረጡበት መንገድ አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ አንዳንዶቹን ከፖሊስ መዝገብ የተሠራ የሒሳብ ቀመር መረጠ፥ ሌሎችን የሰፈር ሠራተኞች በስም ጠቁመው አመጡ። የሰፈር ሠራተኞቹ ባመጧቸው ሰዎች ዘንድ በተኩስና በግድያ መታሰርም ሆነ በጥይት መመታት በብዙ ቀንሶ ተገኘ። ሠራተኞቹ ከመዝገብ የማይገኝ ነገር ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ማን አደጋ ላይ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን ሊመለስ እንደሚፈልግ። ይህ ዕውቀት ደግሞ በማዕዘን ቆሞ፥ ደጅ አንኳኵቶ፥ በለቅሶ ቤት ውሎ የሚገኝ እንጂ በስልክ የሚሰበሰብ አይደለም።

የዕውቀቱ ዋጋም ከባድ ነው። በባልቲሞር ከተማ ከ2007 ጀምሮ በሚሠራው «ሴፍ ስትሪትስ» በሚባለው ማኅበር፥ ከጃኑዋሪ 2021 እስከ ጃኑዋሪ 2022 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሠራተኞች በጥይት ተገድለዋል። በአገራችን ልማድ በገላጋይ ላይ እጅ ማንሣት ነውር ነው፤ ይህን ነውር የሚያስጠብቀው ግን ከሁለቱም ወገን በላይ የቆመ ማኅበረ ሰብ መኖሩ ነው። በባልቲሞር እንዲህ ያለው ጥላ የሳሳ ነው። የሠራተኞቹ ደመወዝ አነስተኛ፥ ውላቸውም ብዙ ጊዜ ከዓመት ወደ ዓመት የሚታደስ ነው፤ በየቀኑ የሚያዩት ሞት በራሳቸው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያክም ሐኪምም ያገኙት ዘግይተው፥ ያውም በጥቂት ማኅበሮች ብቻ ነው።

ወረርሽኙ አንድ ያልታሰበ ነገር አመጣ፤ ገንዘብ። ከ2021 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለኮሮና ማገገሚያ የሰጠውን ገንዘብ ከተሞች ለዚህ ሥራ እንዲያውሉት ተፈቀደ፤ በጁን 2022 የወጣውም ሕግ ለሰፈር ገላጋዮች ሥራ በአምስት ዓመት የሚከፈል 250 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ለሃያ ዓመት ከእጅ ወደ አፍ ይኖር የነበረው ሥራ በአንድ ጊዜ ሰፋ፤ ብዙ አዳዲስ ሰዎች ተቀጠሩ፥ በሐኪም ቤትም ከአልጋው አጠገብ መቀመጥ እንደገና ተጀመረ። በቺካጎ በ2021 ወደ 800 ደርሶ የነበረው የተገዳዮች ቍጥር በ2024 ከ600 በታች ወረደ። ከዚህ መቀነስ የገላጋዩ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ትምህርት ቤት፥ ሥራና ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ጊዜ ተከፍተዋልና። በኤፕሪል 2025 የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ከፈቀዳቸው የእርዳታ ገንዘቦች ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ሲሰርዝ ለዚህ ሥራ የተመደቡትም በውስጣቸው ነበሩ። ገንዘቡ ከተቋረጠባቸው ማኅበሮች አንዳንዶቹ ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። በ2020 ሕግና በሽታ አንድ ሆነው ከማዕዘኑ ሊያነሷቸው ያልቻሉትን ሰዎች ከማዕዘኑ ያነሣቸው ከዋሽንግተን የመጣ የስንብት ደብዳቤ ነው።